ኒም፣ አልኮልና አሚን የበየደው ኮለም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኻርቱም፣ ዴም ሰፈር ባለችው ቤቴ መስኮት ላይ አንድ ጠርሙስ አስቀምጫለሁ። ከላይ ቢጫ ዘይት፣ ከታች ቡናማ ፈሳሽ አለበት፤ አፉን በሰም ደፍኜዋለሁ። ሰሞኑን ሽንኩርት ልትዋስ የመጣች ጎረቤቴ አየችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ዓለም፣ አንቺስ ደፋር ነሽ። ሹርጣ ቢገባ ምን ልትይ ነው?» አለችኝ። አረቄ መስሏት ነው። አልፈረድኩባትም፤ ኻርቱም ውስጥ በሐበሻ ሴት ቤት የተገኘ ጠርሙስ ውሃ ቢሆን እንኳ አረቄ ነው። ፖሊሱ እንደዚያ ያስባል፣ እኛም እንደዚያ ማሰብ ለምደናል። «ይሄማ የሥራ ዘመኔ ነው» አልኳትና ማውራት ጀመርኩ። ሴትዮዋ ሽንኩርቷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ወጡም የዚያን ቀን ሳይሠራ ቀረ። ለእሷ ያወራሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

ሰው «ምን ትሠሪ ነበር?» ሲለኝ መመለሱ ይቸግረኛል። ይህን ያህል ዘመን ኻርቱም የኖረች ሐበሻ ወይ ሰው ቤት ሠርታለች ወይ ሻይ ሸጣለች ብለው ነው የሚጠብቁት። ሰው ቤትስ ሠርቻለሁ። ዩኒቨርሲቲዬን ከግማሽ አቋርጬ ድንበር የተሻገርኩ ሰሞን አል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ አስተማሪ ቤት ወለል ስወለውል ነበር። ሰውየው የኬሚስትሪ መጽሐፋቸውን ከፍቼ ሳነብ ያዙኝና፣ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ኮሌጅ አስመዘገቡኝ። ከዚያ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ገባሁ። ሙዲሩ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ማኅተም የሚወድ ሰው ነበር፤ የሽንት ቤት ቁልፍ እንኳ ማኅተም ባለው ወረቀት ነው የሚሰጠው። ደመወዙ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለኢቃማ ማሳደሻና ለቤት ኪራይ ይበቃ ነበር፤ ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ አልናገርም። ከሳሙናው ፋብሪካ የወሰዱኝ ኡስታዝ ባቢከር ናቸው። የእኔ ሕይወት የጀመረው ያኔ ነው ብል አልዋሸሁም።

ኡስታዝ ባቢከር እዚያው ባሕሪ የፋብሪካ ዕቃ የሚነድፉና የሚያሠሩ መሐንዲስ ነበሩ። ጀላቢያ ለብሰው፣ እርሳስ ጥምጣማቸው ውስጥ ሰክተው የብረት ሥራ ቤታቸው ወርሻ ውስጥ ይዞራሉ። ልዩ ሙያቸው ሁለት የማይዋሃዱ ፈሳሾችን የሚያገናኝ ዕቃ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዘይት ውስጥ የምትፈልጉት ነገር ሟሙቶ ተቀምጧል እንበል። ዘይቱን አታፈሉትም፣ አታጠሉትም። ከዘይቱ ጋር የማይዋሃድ ሌላ ፈሳሽ ታመጡና አብራችሁ ትንጡታላችሁ፤ የምትፈልጉት ነገር ዘይቱን ለቆ ወደ አዲሱ ፈሳሽ ይሄዳል። ከዚያ ሁለቱ ራሳቸው ይለያያሉ። አገናኝቶ፣ አረካክቦ፣ አፋትቶ መሸኘት ማለት ነው። አንድ ሠርግ ላይ ይህን ሳስረዳ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የእኛ ሥራ ነው» ብለውኛል።

በጠርሙስ ሲሆን ማንም ይሠራዋል። በበርሜል ሲሆን ግን ኮለም ያስፈልጋል፤ የሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ያለው የብረት ቱቦ ነው። ከባዱ ፈሳሽ ከላይ ገብቶ ይወርዳል፣ ቀላሉ ከታች ገብቶ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። በቱቦው መሀል ሳህን የተደረደረበት ዘንግ አለ፤ ሞተር ሲያዞረው ሳህኖቹ አንዱን ፈሳሽ ወደ ጠብታ ይበትኑታል። ሙያው ሁሉ ያለው እዚያች ጠብታ ላይ ነው። ትልቅ ከሆነች ሮጣ ታልፋለች፣ የምትሰጠውም የምትቀበለውም የለም። በጣም ካነሰች ደግሞ መሄጃ ታጣና ቱቦው በሙሉ ወተት ይሆናል። ትክክለኛዋን ጠብታ በመስታወቱ መስኮት ሳያት እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ ድረስ ልቤ ይዘል ነበር። ባል ያላገባሽው ለዚህ ነው ይሉኛል፤ ይሁንላቸው።

የኡስታዝን አመል ልንገራችሁ። በተቀጠርኩ ቀን ሁለት ፈሳሽ አመጡ፤ አንዱ ውሃ፣ ሌላው አሟሚ። «ሚኑ ፎግ?» አሉኝ፤ ሲቀላቀሉ ከላይ የሚቀመጠው ማነው ማለታቸው ነው። እኔ ፈጠን ብዬ «ውሃ ከታች ነዋ» አልኩ። አንድ ጠርሙስ ውስጥ ጨመሩት፣ በጀላቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ነቀነቁትና ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። አሟሚው ታች ወረደ፣ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው። «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ በአፍሽ አትመልሺልኝ፤ በጠርሙስ መልሺልኝ» አሉ።

ጠርሙሱ ተነቅንቆ ከቆመ በኋላ ፈሳሾቹ እስኪለያዩ ወርሻው ውስጥ አንድ ሰው ትንፍሽ አይልም። ስልክ ቢጮህ አይነሳም። አንድ ጊዜ የግብር ሰው መጥቶ ሲጮህ በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኝተው አስቀመጡት፤ ሰውየው አፉን ከፍቶ ጠርሙሱን ሲያይ ቆየና የመጣበትን ረስቶ ሄደ። ሌላው አመላቸው ይህ ነው፤ በኮለሙ አናትና በእግሩ የሚገቡት ቧንቧዎች እኩል ውፍረት፣ እኩል የብሎን ቀዳዳ እንዲኖራቸው ያዛሉ። መስታወትም ከላይም ከታችም። ብረት ይባክናል ብዬ ተከራክሬያቸው አውቃለሁ። «ዛሬ ከላይ ያለው ነገ ከታች ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በያጅ ፍለጋ አትሩጪ» ብለው ዘጉኝ። ስንት ኮለም ሠራን፤ አንድም ቀን የተገለበጠ አላየሁም፤ ግን ሕጋቸው ሕግ ነው ብዬ ይዤው ቀጠልኩ።

ደቡብ ሱዳን በተገነጠለች ማግሥት ዶላር ጠፋ፤ ከውጭ የሚመጣው የተባይ መድኃኒትም አብሮት ጠፋ። ኡስታዝ ያኔ እግራቸውን ታመው ኦምዱርማን ቤታቸው ውለዋል፤ ወርሻውን ለእኔ ትተውልኛል። አንድ ቀን ሐጃ ስዓድ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የካፉሪ ሰፈር ነጋዴ መጡ። ኻርቱም ውስጥ የኒም ዛፍ የሌለበት መንገድ የለም፤ ፍሬው እየረገፈ ባለሦስት እግሩ ረክሻ ይረግጠዋል። ከዚያ ፍሬ የሚጨመቀው ዘይት ውስጥ ተባይ የሚያባርር መራራ ነገር አለ። መራራውን በአልኮል ከዘይቱ ብናወጣው፣ አልኮሉ ለአትክልት ገበሬው መድኃኒት፣ የቀረው ዘይት ደግሞ ሳሙና ይሆናል። ሐጃ ይህን ብለው ሳይጨርሱ እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ። ጡረታ የደረሰች ሴት፣ እንደ አዲስ ተቀጣሪ እርሳስ ስቀርጽ ዋልኩ።

አልኮል በተከለከለበት አገር አልኮል ማስገባት ቀላል አይደለም። ሐጃ ስንት ቢሮ ረግጠው ለኒም መድኃኒት ብቻ የሚል ሩኽሳ፣ የፈቃድ ወረቀት፣ አወጡ። ከስኳር ፋብሪካ ናሙና መጣልኝ። ከኒም ዘይት ጋር ጠርሙስ ውስጥ ነቀነቅሁት፤ ቆንጆ አድርጎ ተለያየ፤ አልኮሉ ከላይ፣ ዘይቱ ከታች። በዚያ ለካሁ፣ በዚያ ነደፍኩ። የኮለሙን ቁመት፣ የሳህኖቹን ስፋት፣ የዘንጉን ፍጥነት፣ ሁሉንም ከዚያች ጠርሙስ አወጣሁ።

የበየደው አሚን ነው። አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ ዘነበች የምትባል የእኛ አገር ሰው ናት፤ ማዮ የሚባለው የድሆች ሰፈር ነው ያደገው። ባሏ ጥሏት ሲጠፋ ዘነበች አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችው። ፖሊስ ለከሻ፣ ለአፈሳ፣ በመጣ ቁጥር በርሜሏ ይደፋል፣ እሷ ትታሰራለች፤ ልጁ እስር ቤት በር ላይ ቆሞ ነው ያደገው። አረቄውን ከተወችው ዓመታት አልፈዋል። አሚን ኡስታዝ እጅ ላይ ብየዳ ተምሮ ለአቅመ አዳም ደርሶ፣ እናቱን ከአረቄ ያወጣት እሱ ነው። ብየዳው እንደ መርፌ ስፌት ነው፤ ጣት ቢሄድበት አይያዝም። ኮለሙ ውስጥ የሚገባው አልኮል ነው ስለው ግን ፊቱ ጠቆረ። «ባሽሙሃንዲሳ፣ እኔ ኩሁል አልወድም። ኩሁል እናቴን በላ» አለኝ፤ ባሽሙሃንዲሳ መሐንዲሷ፣ ኩሁል አልኮል ማለቱ ነው። ይህኛው ለመድኃኒት ነው፣ ወረቀት አለው ብዬ አግባባሁት። ሐጃ ደግሞ መጥተው ከላይ ይህን የሚያህል ቧንቧ ለምን አስፈለገ፣ ብረት ውድ ነው ብለው ሲከራከሩት፣ «ኡስታዝ እንዲህ ነው ያለው» ብሎ መበየዱን ቀጠለ።

የመክፈቻው ቀን ሐጃ ስዓድ ከራማ አሉ፤ አዲስ ማሽን በግ ሳይታረድለት አይነሳም። በጉ ታረደ፣ ሐጃ መዳፋቸውን ደም ነክረው የኮለሙ እግር ላይ አተሙ። ጭሱ፣ ጥብሱ፣ የኒም ዘይቱ ሽታ ግቢውን ሞላው። የኒም ዘይት የገማ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸተው፤ እሱ ባለበት ሌላ ሽታ አይታወቅም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ፓምፖቹን አስነሳሁ። ዘይቱ ከላይ፣ አልኮሉ ከታች ገባ። ዘንጉ ዞረ። ጠብታዋን ልይ ብዬ ዓይኔን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። ጠብታ የለም። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቢጫ ፈሳሽ ነው። ዘንጉን አዘገየሁት፣ ኋላም አቆምኩት። ጠበቅን። ሥጋው ተበልቶ አለቀ፤ ፈሳሾቹ አልተለያዩም። ሐጃ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «መድኃኒቱ የቱ ነው፣ ዘይቱስ የቱ?» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። የተቀላቀለውን ወደ በርሜል መልሰን፣ ሳንሰነባበት ተለያየን።

በማግሥቱ ጠዋት አሚን ቀድሞ ገብቶ ብቻውን ቧንቧ ይፈትሽ ነበር። ከጎረቤት አንዱ «ሐበሾች ትልቅ የአረቄ ማውጫ ተክለዋል» ብሎ ጠቁሞ ኖሮ ፖሊስ መጣ። ያዩት ይኸው ነው፤ ረጅም ቱቦ፣ አልኮል ተብሎ የተጻፈበት በርሜል፣ አጠገቡ የሐበሻ ልጅ። የእናቱን ስም ጠየቁት፤ ዘነበች አለ፣ ከማዮ። የፖሊሶቹ አለቃ ሻምበል ስሙን ሲሰማ ሳቀ። በወጣትነቱ ማዮ ሲሠራ የዘነበችን በርሜል በገዛ እጁ የደፋ ሰው ነው። አሚንን ጭኖት ሄደ።

ፖሊስ ጣቢያ ስደርስ አሚን በብረቱ ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ፣ «ለእማዬ አትንገሪው። እሱ ያለቅሳል» አለኝ። እናቱን «እሱ» ይላታል፤ አማርኛው ማዮ ያደገ ነው። ምን ያደርጋል፣ ዘነበች ቀድማኝ መጥታ ግቢው ውስጥ ቶቧን ተከናንባ ተቀምጣለች። «እትዬ ዓለም፣ የእኔን ዕዳ ነው የሚከፍለው። እኔ ባላወጣ ኖሮ ስሜን ማን ያውቀው ነበር?» አለች። አልቅሳ ጨርሳ ነው መሰል ዓይኗ ደርቋል። ከተፈረደበት ጅራፍም እስርም እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የአረቄ አውጪ ልጅ ተብሎ የተፈረደበትን ደግሞ ማን ይቀጥረዋል?

ሩኽሳውን አውጥቼ ሻምበሉ ፊት ዘረጋሁ። ቀስ ብሎ አነበበው። «የኒም መድኃኒት ይላል። መድኃኒቱ የት አለ? እኔ ያየሁት አንድ ዓይነት ፈሳሽ ነው። ይህ ማሽን የመንግሥትን አልኮል ለማዮ የሚያዘጋጅ ማሽን ነው» አለ። የሚለያይ ዕቃ ነው አልኩት። «እንግዲያው ሲለያይ አሳዪኝ። ኸሚስ እመጣለሁ። ከተለያየ ልጁ ይወጣል፤ ካልተለያየ ፍርድ ቤት ይሄዳል» አለ፤ ኸሚስ ሐሙስ ነው። ሰውየውን ልጠላው ፈልጌ ነበር፤ ግን የተናገረው እውነት ነው፣ ዕቃዬ አልሠራም።

ሐጃ ስዓድ ነገሩን ሲሰሙ ሩኽሳውን መልሰው ሊገላገሉ ተነሱ። ካፉሪ ድረስ ሄጄ፣ «ሐጃ፣ ሩኽሳው ከተመለሰ አሚን ያለ ወረቀት አልኮል ይዞ የተገኘ ሰው ነው የሚሆነው» አልኳቸው። «እኔም ልጅ አለኝ። እስከ ኸሚስ» አሉ።

ወርሻ ተመልሼ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ጠርሙስ አቆምኩ። በአንዱ የድሮውን ናሙና ከዘይት ጋር፣ በሌላው ከበርሜሉ የቀዳሁትን አልኮል ከዘይት ጋር። ነቀነቅሁ። ናሙናው ወዲያው ተለያየ፤ የበርሜሉ አንድ ሆኖ ቀረ። የበርሜሉን አልኮል ብቻውን፣ ያ የኒም ግማት በሌለበት፣ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋሁት። ቤንዚን። ጉድ እኮ ነው። አልኮሉን ወደ ላኩት ሰዎች ብደውል፣ «አዎ ባሽሙሃንዲሳ፣ ከመጋዘን የሚወጣው ሁሉ ሰው እንዳይጠጣው ቤንዚን ይደረግበታል። ናሙናውማ ናሙና ነው» አሉኝ። ቤንዚን ዘይትንም አልኮልንም የሚወድ ነገር ነው፤ መሀላቸው ገብቶ አስታርቋቸው አንድ ቤት አስገብቷቸዋል።

በደስታ ሮጬ ሻምበሉ ዘንድ ሄድኩ። «ጀናቡ፣ ይኸው አሽትተው፤ ቤንዚን ያለበትን ማን ይጠጣል?» አልኩት። አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ። እንግዲያው ማሽኑ የተሠራው ቤንዚኑን ለማውጣት ነው ማለት ነው» አለ። ጠርሙሴን ይዤ ተመለስኩ። አንዳንድ ሰው የያዘውን ነገር ዓይኑ ካላየ አይለቅም፤ ኡስታዝም እንደዚያው ነበሩ።

ቤንዚኑን ማውጣት አልችልም፤ ሌላ አልኮል ማስመጣትም ሌላ ሩኽሳ ነው። ያለኝ ውሃ ብቻ ነበር። ውሃ አልኮልን ይወዳል፣ ዘይትን ይጠላል፤ ጠብ ባደረግሁለት ቁጥር አልኮሉ ከዘይቱ እየራቀ ይሄዳል። ወርሻው በር ላይ ካለው ዚር፣ የሸክላ ውሃ ጋን፣ እየቀዳሁ ጥቂት ጨመርኩ፣ ነቀነቅሁ፤ ደፈረሰ። እንደገና ጨመርኩ፤ ወተት ሆነ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ወተት እንደሆነ ቀረ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚል የለም። እዚህ ላይ ተስፋዬ ተሟጠጠ። ኦምዱርማን ደወልኩ።

ኡስታዝ ለስልክ ሂሳብ፣ ለረሲድ የሚሳሱ ሰው ናቸው፤ ደዋይዋ እኔ ብሆንም ይሳሳሉ። ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። «ሚኑ ፎግ?» አሉ። «ማንም የለም፣ ወተት ነው» አልኩ። «ማንም ከላይ ካልሆነ እኩል ከብደዋል ማለት ነው። ገና መንገድ ላይ ነሽ፤ ምን አስቆመሽ?» ብለው ዘጉት።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ሳቅሁ። እኔ ሳላስተውለው አልኮሉ ከላይ፣ ዘይቱ ከታች ይሆናል ብዬ ነው የምጠብቀው፤ ናሙናው እንደዚያ ነበራ። ግን ውሃ የገባበት አልኮል እየከበደ ነው፤ ቤንዚን የገባበት ዘይት ደግሞ እየቀለለ ነው። እኩል የከበዱበት ቦታ ላይ ደርሼ ነው የቆምኩት። ከዚሩ ቀድቼ ደህና አድርጌ ጨመርኩበት፣ በቀሚሴ ጫፍ ጠቅልዬ ነቀነቅሁት፣ አቆምኩት። ወርሻው ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም፤ ቢሆንም ትንፋሼን ዋጥኩ። ወተቱ መሀሉ ላይ ጠራ። የጠራው ቦታ ሰፋ። ከዚያ ተከፈለ፤ ቢጫው ዘይት ከላይ፣ ቡናማው አልኮል ከታች። ተገለባብጠዋል። አልኮሉን በጣቴ ጫፍ ቀመስኩት፣ መረረኝ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ መራራ ቀምሼ አላውቅም። ጠረጴዛዬን እየዞርኩ እንደ ሕፃን ጨፈርኩ።

ጠርሙሱ ከተገለበጠ ኮለሙም መገልበጥ አለበት። ከላይ ይገባ የነበረው ዘይት ከታች፣ ከታች ይገባ የነበረው አልኮል ከላይ ይግባ። በሌላ ኮለም ቢሆን ይህ ቆርጦ መበየድ ነው፤ በያጄ ደግሞ እስር ቤት ነው። መሰላል ወጥቼ የአናቱን ፍላንጅ፣ ቧንቧው የሚታሰርበትን ክብ ብረት፣ ለካሁ፣ ወርጄ የእግሩን ለካሁ። እኩል። ብሎኑ እኩል፣ ቀዳዳው እኩል። አሚን ሐጃን ተከራክሮ የበየዳቸው ቧንቧዎች ናቸው። መሰላሉ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ እንባዬን ጠርጌ መፍቻ አነሳሁ። ወደ ሊቢያ መንገድ የሚጠብቁ ሁለት ያገር ልጆችን ለቀን ሥራ ጠርቼ ቧንቧዎቹን ፈታን፣ አቀያየርን፣ አጠበቅን፤ ለበርሜሉ አልኮልም በጠርሙሱ ልክ ውሃ ጨመርንበት። ውሃ የበዛበት አልኮል መራራውን የመሳብ ኃይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ አልኮሉ በርከት ብሎ እንዲፈስ፣ ዘይቱ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ፓምፖቹን አስተካከልኩ። አንደኛው ልጅ፣ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ይፈነዳል እንዴ?» ሲለኝ፣ «እኔ ካልፈነዳሁ እሱ አይፈነዳም» አልኩት።

ኸሚስ ሻምበሉ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ሲደርስ የመጨረሻውን ብሎን ገና ማጥበቃችን ነው። ሐጃ ስዓድ መጥተዋል። ዘነበች በሩ ላይ ቆማለች፤ ግቢ ብላት አልገባም አለች። አንድም ጊዜ ሳልሞክረው፣ ቢስሚላሂም በስመ አብም ብዬ ፓምፖቹን አስነሳሁ። ዘንጉ ዞረ። ሻምበሉን ታችኛው መስታወት ጋ አቆምኩት። መጀመሪያ ደፈረሰ። ዘንጉን ጥቂት አዘገየሁት። ከዚያ አንዲት ቢጫ ጠብታ ብቅ አለችና ቀስ ብላ ወደ ላይ ሄደች። ሌላ ተከተለቻት። ሌላ። ብዙ ሺህ ሆኑ፤ በቡናማው አልኮል ውስጥ ወደ ላይ ይጎርፋሉ። ሻምበሉ ሳይጠየቅ መሰላሉን ወጣ፣ የላይኛውን መስታወት አየ። ዘይቱ አናት ላይ ተሰብስቦ፣ ከሥሩ ድንበሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለረጅም ጊዜ አልወረደም።

ወርዶ ከታችኛው ቧንቧ የሚወርደውን ቡናማ አልኮል በኩባያ ቀዳ። አሸተተ። «ተለያይቷል፣ አይቻለሁ። ግን ይህ አይጠጣም ትላላችሁ?» አለ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ዘነበች ከበሩ መጣች። ኩባያውን ከእጁ ወሰደች፣ ጣቷን ነክራ ምላሷ ላይ አደረገች፣ ወዲያው ዞር ብላ ተፋችው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ተፋችው።

«ጀናቡ፣ ታውቀኛለህ» አለችው በዓረብኛ። «ስንት ዓመት ስታሳድደኝ ነበር። ይህን ብሸጥ ኖሮ አንተ አያስፈልግህም፤ የገዙኝ ሰዎች ራሳቸው ጎትተው ያመጡልህ ነበር።»

ሻምበሉ ሊስቅ አልፈለገም፤ ግን አንደኛውን ፖሊስ ሳቅ አመለጠው፣ ከዚያ ሐጃ፣ ከዚያ እሱም ሳቀ። ስልኩን አውጥቶ ጣቢያ ደወለ። «የዘነበችን ልጅ ልቀቁት፤ ረክሻ ያዙለት» አለ።

ሐጃ ስዓድ ሌላ በግ ይታረድ አሉ፤ ቆይ ልጁ ይምጣ አልን። ያ ኮለም እኔ ጡረታ እስክወጣ ሠርቷል፣ አሁንም ይሠራል። ኡስታዝ ባቢከር ከሁለት ክረምት በኋላ አረፉ፤ መስኮቴ ላይ ያለችውን ጠርሙስ ግን አይተዋታል፤ የዚያን ዕለት ከኮለሙ የቀዳኋት ናት። ይዤላቸው ሄጄ ነቅንቀው አቆሟት፣ እስክትለያይ ሁለታችንም ዝም አልን።

ወደዚያች ኸሚስ ልመልሳችሁ፤ አሚን ከረክሻው ሲወርድ እናቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሊያቅፋት ሲመጣ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችውና፣ «መጀመሪያ የሠራኸውን እይ» ብላ ወደ መሰላሉ ገፋችው። አሚን ቧንቧዎቹን ሲያይ ቆመ። «ማነው ነካክቶ የገለበጠው?» አለ ተቆጥቶ። ከዚያ መሰላሉን ወጥቶ የላይኛው መስታወት ላይ ግንባሩን ደገፈ። ኮለሙን ከበየደ ወዲህ በወጉ ሲሠራ ማየቱ የመጀመሪያው ነው። እኛ ከታች አንጋጠን ጠበቅን። ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ እንደ ኡስታዝ አድርጎ ጠየቀኝ፤ «ሚኑ ፎግ?»

የመለሰችለት ዘነበች ናት።

«አንተ ነህ፣ የኔ ልጅ። ውረድ በቃ፣ ትወድቃለህ።»

ወረደ።